ሌሊቱን የጠበቅሁት ፍርምባ

ከአገር በወጣሁበት ዋዜማ ማታ እናቴ ቤት ሶላት ተማርኩ። ይህን የሚያነብ የአገሬ ሰው ሊደነግጥ ይችላል፤ ይደንግጥ። ከመርሳ የግማሽ ሰዓት የእግር መንገድ ባላት መንደራችን፣ የማርያም ሥዕል ከተሰቀለበት ግድግዳ ሥር፣ ጎረቤታችን እቴ ሀሊማ ነጠላዬን መሬት ላይ አንጥፋ "በይ ፊትሽን ወደ ወልድያ አዙሪ፣ ቂብላው በዚያ ነው" አለችኝና ጀመርን።

ሊነጋጋ ሲል መኪና መጥቶ ወደ ደሴ ይወስደኛል፤ ከደሴ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ሳዑዲ። እኔ ብርቄ ደምሴ ነኝ፤ ፓስፖርቴ ግን ሀያት ሰይድ ይላል። ደላላው ክርስቲያን ከሆንሽ ቶሎ የሚወስድሽ ቤት አታገኚም ሲለኝ፣ እንግዲያው ለውጠው አልኩት። ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ ውጤቴ የትም ሳያደርሰኝ ቀርቶ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ መርሳ መናኸሪያ ወርዶ የሚሄደውን ሰው መቁጠር ሆኖ ነበር ሥራዬ። መቀመጥ አልችልም፤ ስፈጠር እንዲሁ ነኝ። ስምን የሚያህል ነገር በአንድ ቃል ለውጠው ማለቴ ዛሬ ሲገርመኝ፣ ያኔ ግን ጫማ የቀየርኩ ያህል እንኳ አልመሰለኝም።

እቴ ሀሊማ እየሳቀች ነው የምታስተምረኝ። "ጎንበስ ስትዪ ጤፍ የምታርሚ አትምሰዪ፣ ወገብሽን ቀጥ" ትለኛለች። ግንባሬን መሬት ሳስነካ ደግሞ የጠፋብሽን መርፌ ነው እንዴ የምትፈልጊው ትላለች። እኔም እስቃለሁ። እናቴ ብቻ ጀርባዋን ሰጥታን የሻንጣዬን ዚፕ ትከፍታለች፣ ትዘጋለች፣ ደግሞ ትከፍታለች። መጨረሻ ላይ ዞረችና እንዲህ አለችኝ፦

"ስሙን ተውኩት። ስግደቱንም እግዜር የልብሽን ያያል። ሥጋቸውን ግን አትብዪ። እሱን ከበላሽ ከኔ ጋር በአንድ ገበታ አትቀርቢም።"

የሌላ አገር ሰው ይህን ቢሰማ እቴ ሀሊማ ተነስታ የምትሄድ ይመስለዋል። አልሄደችም። የኛን አገር የሚያውቅ ያውቀዋል፤ እናቴና እቴ ሀሊማ አብረው ወልደው፣ አብረው አልቅሰው፣ አንዷ የሌላዋን ልጅ አጥብታ የኖሩ ናቸው፤ ሥጋ ብቻ ለየብቻ ነው። ወንድሜን ስንድር ለእስላም እንግዳ የሚታረደውን ፍየል የእቴ ሀሊማ ባል ነው ያረደው፤ ድስቱ ለብቻ፣ ማማሰያው ለብቻ፣ ወጥ ሠሪዋም እሷው ራሷ። በነሱ ሠርግም ለኛ እንዲሁ ነው። ማንም ማንንም አይንቅበትም፤ መከባበሪያችን ነው። ስለዚህ እቴ ሀሊማ እናቴን ደግፋ "እውነቷን ነው ብርቄ፣ አደራ፤ ሆዴን ያመኛል በያቸው። አላህ ሥጋ አልበላሽም ብሎ አይቆጣሽም፣ አብሽሪ" አለችኝ። እኔም ማርያምን ብዬ ማልኩ። አስታውሱልኝ፤ ማልኩ።

አዲስ አበባ አውሮፕላን ማረፊያ መስኮቱ ኋላ የተቀመጠው ሰውዬ የአባቴን ስም ጠየቀኝ። ስሜን ስደጋግም ሰንብቼ የአባቴን ግን አላጠናሁትም ኖሯል።

"አባትሽን ረሳሽው?" አለኝ።

"ከሞተ ቆይቷል።"

"ሲሞት ስሙን ይዞ ሄደ?"

ሰይድ አልኩት እንደምንም። ማኅተሙን ዷ አደረገና ቀጣይ አለ። አባቴ ደምሴ እውነትም ሞቷል፤ በሀብሩ ቆላ ከሰል እያከሰለ ነው ያሳደገን። ያን ለት ግን ሁለተኛ የቀበርኩት መሰለኝ፣ አውሮፕላኑ ሲነሳ ያለቀስኩት እሱን ነው። ጎኔ የተቀመጠችው የራያ ልጅ ፈርቼ መስሏት እጄን ያዘችኝ።

ደማም የምትባል የባሕር ዳርቻ ከተማ ደረስኩ። የመርሳን ሙቀት ስለማውቀው አልፈራሁም ነበር። የመርሳ ሙቀት ግን ሙቀት ብቻ ነው፤ የማንጎ ዛፍ ሥር ስትገቢ ይለቅሻል። የዚህ አገሩ እንደ እርጥብ ፎጣ ፊት ላይ ይለጠፋል፣ ሌሊት እንኳ አይለቅም። የገባሁበት ቤት ሰዎች ክፉ አልነበሩም፤ ይህንንም መናገር አለብኝ፣ ምክንያቱም ከኛ ከስደተኞች ክፉውን ብቻ መስማት የለመደ ብዙ ነው። ባልየው አቡ ፈይሰል ይባላል፣ የነዳጅ መሐንዲስ ነው። ሚስቱ አስተማሪ ናት፣ ጠዋት ወጥታ ማታ ነው የምትገባው። የአቡ ፈይሰል እናት ደግሞ አሉ፤ ጀዳ እንላቸዋለን፣ አያት ማለት ነው። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው እንቅልፍ የላቸውም፤ መስገጃቸው ከኔ መስገጃ ጎን ነው።

ሥጋ ያመኛል አልኩ። የመጀመሪያው ወር አዘኑልኝ፣ በሁለተኛው ወር ክሊኒክ ወሰዱኝ። ዶክተሩ አረብኛው ፈጠን ያለ ግብፃዊ ነበር፤ ሆዴን ይጫናል።

"እዚህ ያምሻል?"

"አዎ።"

"እዚህስ?"

"አዎ።"

"በግ ስትበዪ ነው ወይስ ላም?"

"ሁሉም።"

"ዶሮስ?"

"እሱማ ዋናው ነው።"

ቀና ብሎ አየኝና ኪኒን ጻፈልኝ። ለማያመኝ ሆድ ሁለት ወር ኪኒን ዋጥኩ። ሩዙን ከበጉ ራቅ ካለው የትሪው ዳር እየጠረግሁ፣ በምስርና በእንቁላል ዓመት ከስምንት ወር ኖርኩ። ለቤተሰቡ ሥጋ የምሠራው እኔ ነኝ፤ ሳልቀምስ እሠራለሁ። ወንድሜ ሲሪንቃ ምርምር ጣቢያው እርሻ ላይ የቀን ሥራ ስላለው፣ እሑድ እሑድ ቤት ሲገባ ስልኩን ለእናቴ ይሰጣታል። እናቴ ደህና ነሽ ወይ ከማለቷ በፊት የምትጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፤ ወንድሜ ስላለ ሥጋን በስሙ አትጠራውም።

"እንደወጣሽ ነሽ?"

"እንደወጣሁ ነኝ እማዬ።"

ከዚያ በኋላ ነው ትንፋሿ ሲወጣ የምሰማው።

አሁን ወደ ፍርምባው ልምጣ። አቡ ፈይሰል ቴክሳስ የሚባል የአሜሪካ ክፍለ ሀገር ስድስት ዓመት ተምሯል። እዚያ የለመደው ምግብ አለ፤ ብሪስኬት ይለዋል፣ እኛ ፍርምባ የምንለው የበሬው ደረት ነው። ቅርጫ ሲመደብ ለየመደቡ ተቆራርጦ የሚገባውን ያንን ሥጋ እነሱ ሳይቆርጡ እንዳለ ጨውና ቁንዶ በርበሬ ቀብተው፣ በከሰል ጭስ ሌሊቱን ሙሉ ያበስሉታል። ጣሪያው ላይ ሦስት እግር ያለው ክብ ጥቁር የብረት ምድጃ አስመጥቷል፤ ክዳን አለው፣ ከሥሩም ከክዳኑም ላይ የሚከፈትና የሚዘጋ የአየር ቀዳዳ አለው። ሰውየው ይህን ምድጃ ሲያይ ፊቱ እንዴት እንደሚሆን ብታዩ። ገዛ አገሩ፣ ገዛ ቤቱ ጣሪያ ላይ ቆሞ የሰው አገር ይናፍቃል። ሰው አንዴ ከተሰደደ አገሩ ቢገባም አይድንም ማለት ነው ብዬ ፈራሁ።

ፍቅሩ እንጂ እጁ የለውም። የመጀመሪያ ጊዜ ቀዳዳውን በርግዶ እንቅልፍ ወሰደው፤ ጠዋት ሥጋው የተጣለ ጫማ መሰለ። ሁለተኛ ጊዜ ፈርቶ ሁሉንም ዘጋጋ፣ እሳቱ ሞተ፣ ሥጋው ጥሬውን ለብ ብሎ አደረ። ለሦስተኛው ጊዜ፣ አንድ ሐሙስ ማታ፣ ሲያቀጣጥል ውሃ ይዤለት ቆሜ አየሁት። ከሰሉን በግማሽ ክብ ደርድሮ ከአንድ ጫፍ ብቻ ለኩሶታል፣ እስከዚህ ጥሩ ነው፤ ከዚያ ግን ክዳኑን በየደቂቃው እየከፈተ ያያል። አላስቻለኝም።

"ባባ፣ እሳቱን እየገደልከው ነው" አልኩት።

ዞሮ አየኝ። "አንቺ ቴክሳስን ታውቂዋለሽ?"

"ቴክሳስን አላውቅም። ከሰል አውቃለሁ።"

ነገርኩት እንግዲህ በዚያ በተሰባበረ አረብኛዬ። አባቴ የግራሩን ግንድ ከምሮ በሣርና በአፈር ይሸፍነዋል፤ ጥቂት ቀዳዳ ይተውለታል። አየር ካበዛህለት አመድ ይሆንብሃል፣ ከከለከልከው ይሞትብሃል፤ ሥራው ሁሉ ቀዳዳውን በጣት ስፋት መክፈትና መዝጋት ነው። ከፍተህ አታይም፤ ጭሱን ነው የምታየው። ነጭና ወፍራም ሲሆን ገና ጥሬ ነው፣ ቀጠን ብሎ ሰማያዊ ሲሆን ልክ ነው። ትንሽ ልጅ ሆኜ ምሳውን ይዤለት ሄጄ፣ ከጎኑ ተቀምጬ ጭሱን የምነግረው እኔ ነበርኩ፤ ዓይኑ ኋላ ላይ ደክሞ ነበር። አቡ ፈይሰል ሰምቶ ሰምቶ፣ የሙቀት መለኪያውን ሰጠኝና ነገ ከጁምዓ በኋላ ሃያ ሰው እንደሚመጣ ነግሮኝ፣ ሌሊቱ ያንቺ ነው ብሎ ወረደ።

ዓመት ከስምንት ወር እዚያ ቤት ስኖር እንደዚያች ሌሊት ራሴን ያገኘሁበት ጊዜ የለም። የታችኛውን ቀዳዳ አጠበብኩት፣ የላይኛውን ከፈት አደረግሁት። ጭሱ ነጭ ነበር፣ ቀስ እያለ ቀጠነ። ከሰሉ የግራር ነው፤ ከአፍሪካ የመጣ መሆኑ ከረጢቱ ላይ ተጽፏል፣ እሱም እንደኔ ተሰዶ ነው። ሽታው ሲመጣ ግን ምን ልበላችሁ። መጀመሪያ አባቴ ልብስ ላይ የነበረው ሽታ ነበር፣ ቀጥሎ የሥጋው መጣ። ሥጋ ከቀመስኩ ስንት ጊዜዬ እንደሆነ ያን ጊዜ ነው ሆዴ ራሱ የቆጠረው። አፌ ውሃ ሞላ፤ እፍረት ያዘኝ፣ ራቅ ብዬ ተቀመጥኩ።

ወደ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ጀዳ ደረጃውን እያረፉ ወጡ። ጉልበቴ አላስተኛኝ አሉ፤ መስገጃቸውን እንደ ትራስ አጥፈው ተቀመጡበትና የጸሎት መቁጠሪያቸውን፣ ሙስበሃቸውን፣ መቁጠር ያዙ። የመለኪያው ቁጥር ለረጅም ጊዜ አልነቃነቅ ብሎ ነበር፤ ሥጋው ላብ ሲያወጣ እንዲህ ነው፣ አትንኪው ብሎኛል አቡ ፈይሰል። ከሥር ያለው የውሃ ትሪ ግን ደርቆ ይሆናል ብዬ ክዳኑን አነሳሁ።

ስቡ ከሰሉ ላይ ተንጠባጥቦ ኖሮ፣ አየር ሲያገኝ ነበልባሉ ቧ ብሎ ወደ ፊቴ መጣ። አፌ በስመ አብ ወወልድ አለ። እጄ አማተበ። ሁለቱንም ያዘዝኳቸው እኔ አይደለሁም። ክዳኑን ደፍቼ ቀዳዳውን ስዘጋ ነበልባሉ ጠፋ፤ ዞር ስል ጀዳ እያዩኝ ነው።

"ተቃጠልሽ?" አሉኝ።

"አልተቃጠልኩም።"

"አልሐምዱሊላህ" አሉና ወደ ሙስበሃቸው ተመለሱ።

እኔ ግን ከዚያ ወዲያ ያለውን ሌሊት እንዴት እንዳሳለፍኩት አልነግራችሁም፤ በሐሰት ስም የገባ ሰው ምን ምን እንደሚያስብ፣ የሆናችሁበት ታውቁታላችሁ። ጠዋት ለልጃቸው ይነግራሉ፣ ልጃቸው ለፖሊስ፣ እኔ ስሜን ስጠየቅ የትኛውን ነው የምለው? ለጎህ ሶላት ሲወርዱ ተከትዬ ወረድኩና ከጎናቸው ሰገድኩ። እቴ ሀሊማ ያስተማረችኝን አንድም ሳላስቀር ሰገድኩ። ከዚያ ተመልሼ፣ አቡ ፈይሰል እንዳሳየኝ ሥጋውን በወረቀት ጠቅልዬ እሳቱ ላይ መለስኩት፣ ሲደርስም አውጥቼ በፎጣ ሸፍኜ ሳጥን ውስጥ አሳረፍኩት።

ከቀትር በኋላ እንግዶቹ ሳሎን ሞልተው አቡ ፈይሰል ኩሽና ውስጥ ወረቀቱን ፈታ። ላዩ ጥቁር ነው፤ ቢላው ሲገባ ግን ሥጋው እንደ ቅቤ ተለቀቀ፣ ዳሩ ላይ ቀይ መስመር ነበረው። ሰውየው ቢላውን አስቀመጠ። ከዚያ የመጀመሪያውን ቁራጭ በጣቱ አንስቶ ወደኔ ዞረ።

"ያንቺ ነው ሀያት። ያንቺ እጅ ነው።"

ሆዴን አልኩ። ዛሬ ሆድ የለም አለ፣ እየሳቀ። ጀዳ ከበሩ ሥር ወንበራቸው ላይ ሆነው ያዩኛል። እምቢ ካልኩ የሌሊቱ ማማተቤ ይፋ ወጣ አልኩ በልቤ፤ ከበላሁ ግን ማን ይጠረጥረኛል። ይህን ለማሰብ የፈጀብኝ ሥጋው ከእጁ ወደ አፌ እስኪደርስ ነው። በላሁ።

ክፉ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ማኘክ አልፈለገም፣ ምላሴ ላይ ሟሟ። ጨውም ጭሱም ልክ ነበር። በሁለት እጄ ጠረጴዛውን ያዝኩ፤ አቡ ፈይሰል በደስታ ነው ብሎ አጨበጨበልኝ፣ ሌላ ቁራጭ ሰጠኝ። ሁለተኛውንም በላሁ። ለሁለተኛው ምክንያት የለኝም፤ ለማንም መደበቂያ አልነበረም፣ ስለፈለግሁት ነው።

ማታ እንግዶቹ ሄደው ሳህን ሳጥብ ጀዳ ኩሽና ገቡ። ተቀመጡ፣ ጉልበታቸውን አሹ፣ ለምን በላሽ አሉኝ።

ሳህኑን አስቀመጥኩ። "ሌሊት አይተውኝ ነበር" አልኳቸው።

"ምን ስታደርጊ ነው ያየሁሽ?"

"ሳማትብ።"

ሳቁ። "እሱንማ የመጣሽ ሰሞን አውቄዋለሁ። ስትሰግጂ የምታዪው እኔን ነው፤ እኔ ካላጎነበስኩ አንቺም አታጎነብሺም። ስንት ሠራተኛ አሳልፌያለሁ ልጄ፣ ከአገርሽ ሀያት ሳትባል የመጣች የለችም።"

ታዲያ ለምን ዝም አሉ አልኳቸው፤ ድምፄ ከፍ ብሏል፣ ተቆጥቻለሁ።

"አንቺ ዝም ስላልሽ። ደብቀሽ የያዝሽውን ምን ብዬ ልንካው? ብትነግሪኝ አንድ ድስት ለብቻሽ እገዛልሽ ነበር።"

እጄ ላይ ያለውን የሳሙና አረፋ በቀሚሴ ጠረግሁት። ዓመት ከስምንት ወር የጠበቅሁትን፣ ማንም ሳያስገድደኝ ሰጠሁት። ባሕር ተሻግሬ ስሄድ ሰው ሁሉ ሌላ ነው ብዬ ነበር የሄድኩት፤ ድስት ለብቻ ማለትን የሚያውቁ ሰው ጎን ነው ስሰግድ የኖርኩት። ጀዳ ተነስተው ራሴን ዳበስ አደረጉኝና ወደ ክፍላቸው ገቡ።

እሑድ ወንድሜ ደወለ፤ ስልኩን ለእናቴ ሰጣት። ከኋላዋ ዶሮ ይጮሃል፣ ዝናብ ጥሎ ኖሮ ቆርቆሮው ይንጠባጠባል።

"እንደወጣሽ ነሽ?"

መዋሸት እችል ነበር። ስሜን ዋሽቻለሁ፣ አባቴን ዋሽቻለሁ፣ ሆዴን ዋሽቻለሁ። እናቴን ግን እምቢ አለኝ።

"አይደለሁም እማዬ።"

ወንድሜን ላሚቱን ውሃ አጠጣት ብላ አስወጣችው። በሩ ሲዘጋ ሰማሁ።

"አስገድደውሽ ነው?"

አዎ ብላት ይቀላት ነበር፤ ለኔም ይቀል ነበር። "ማንም አላስገደደኝም፤ ፈርቼ ነው" አልኳት። የሁለተኛው ቁራጭ ነገር አፌ ላይ መጥቶ ተመለሰ።

የተቋረጠ መስሎኝ ሁለት ጊዜ ስልኩን አየሁት። ከዚያ እንደ ሥራ ቆጥራ፣ አንድ በአንድ ነገረችኝ። ስመጣ ቀጥ ብዬ ቤት እንዳልገባ። እቴ ሀሊማ ቤት እንዳድር፣ እናቴ ራሷ ቀድማ እንደምታነጋግራት። ጠዋት የነፍስ አባታችን ጋ ወስዳኝ ንስሐ ገብቼ፣ ጠበል ተረጭቼ፣ ቤት የምገባው ከዚያ በኋላ እንደሆነ። እሺ አልኳት። መቼ እንደምመጣ ግን አልጠየቀችኝም፤ እኔም አላውቀውም። እስካሁንም አላውቀውም።

እቴ ሀሊማ ደህና ናት ወይ አልኩ። ደህና ናት አለች። ማንጎውስ አልኩ። ዘንድሮ አልያዘም አለች። ልትዘጋው ነው ስል ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፤ ሕፃን ሆኜ ታምሜ ስነሳ እንደምትጠይቀኝ ዓይነት ነበር።

"ጣፈጠሽ?"

ግድግዳውን አየሁ። ጣሪያው ላይ አቡ ፈይሰል ምድጃውን እያጠበ ያፏጫል።

"ጨው በዝቶበት ነበር" አልኳት።

"እንግዲያው ውሃ ጠጪበት" አለች እናቴ። "አገሩ ሙቀት ነው ብለሽኛል።"